ተንሳፋፊ የነፋስ ተርባይን እንዴት ይፈተናል?

ነፋስ በየብስ ላይ ከተራራና ከዛፍ፣ ከቤትና ከግንብ ጋር እየተጋጨ ጕልበቱ ይቀንሳል። በባሕር ላይ ግን የሚገታው ነገር ስለሌለ በርትቶ ይነፍሳል። ይህንኑ በማሰብ ዴንማርኮች በ1991 ዓ.ም. ቪንደቢ በተባለው ስፍራ እያንዳንዳቸው 450 ኪሎዋት የሚያመነጩ 11 ተርባይኖችን ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ ተከሉ። የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ኤሌክትሪክ ጣቢያ ይኸው ሲሆን፣ እስከ 2017 ዓ.ም. ቈይቶ ዕድሜውን ስለ ጨረሰ ፈርሷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገር ግን የቪንደቢ ዓይነት ተርባይን እግሩ የባሕሩን ወለል መርገጥ አለበት። የባሕሩ ጥልቀት ከ60 ሜትር ገደማ በላይ ሲሆን ለእግሩ የሚያስፈልገው ብረትና የተከላው ወጪ እጅግ ስለሚበዛ ሥራው አያዋጣም። እንደ ኖርዌይና እንደ ጃፓን ያሉ አገሮች ደግሞ ባሕራቸው ከዳር ጥቂት እንደ ራቁ ወዲያው የሚጠልቅ ነው። እንግዲህ እግር የማይደርስበትን ነፋስ ለመጠቀም የቀረው መንገድ ተርባይኑን ማንሳፈፍ ነው። ይህን አሳብ በ1972 ዓ.ም. በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዊሊያም ሄሮኒመስ አቅርበውት ነበር። ይሁን እንጂ ከአሳቡ ተነሥቶ ትልቅ ተርባይን በጥልቅ ባሕር ላይ ለማቆም 37 ዓመት ፈጅቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመካከሉ ምን እንደ ተሠራ ማስረዳት ነው። ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ ጉዳይ አይደለም። አንድ ተርባይን ከነመንሳፈፊያው ብዙ ሚሊዮን ገንዘብ ይፈጃል፤ ያም ገንዘብ በመጨረሻ የሚከፈለው ከግብር ወይም ከመብራት ሒሳብ ነው። ያልተፈተነ ነገር ወደ ባሕር ወጥቶ ቢሰበር ዕዳው የሕዝብ ይሆናል። ፈተናው ሲበዛ ደግሞ ገንዘቡ በፈተና ያልቃል። ስለዚህ «ምን ያህል መፈተን ይበቃል? የቱስ ፈተና የቱን ጥያቄ ይመልሳል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሀ) ከነዳጅ ዘይት ቍፋሮ የተወረሰው ጥበብ

ከባድ ነገርን በጥልቅ ባሕር ላይ አቁሞ ማሠራት አዲስ ጥበብ አይደለም። የነዳጅ ዘይት መሐንዲሶች ከነፋስ መሐንዲሶች በፊት አውቀውታል። ሦስት ዋና ዋና መንገዶች አሏቸው።

አንደኛው ስፓር የሚባለው ነው። ይህ እንደ ረጅም ጠርሙስ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሲሊንደር ሲሆን፣ ከታቹ ድንጋይ ወይም ሌላ ከባድ ነገር ይሞላበታል። የክብደቱ ማእከል ከተንሳፋፊነቱ ማእከል በታች ስለሚውል ቢያዘነብል እንኳ ራሱ ተመልሶ ይቃናል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ኔፕቱን የተባለው የዘይት ማውጫ ስፓር በ1996 ዓ.ም. ቆሟል።

ሁለተኛው ከፊል ጠላቂ የሚባለው ነው። ተራርቀው የቆሙ ሦስት ወይም አራት ወፋፍራም ዐምዶች አሉት። የሚጸናውም በክብደቱ ሳይሆን በእግሮቹ መራራቅ ነው። አንድ ሰው እግሩን ከፈት አድርጎ ሲቆም በቀላሉ እንደማይወድቅ ማለት ነው።

ሦስተኛው በተወጠረ ገመድ የሚታሰረው ነው። ተንሳፋፊው አካል ውሃ ወደ ላይ ሲገፋው ከባሕሩ ወለል የመጡ ብረት እግሮች ወደ ታች ይስቡታል፤ በዚህ ውጥረት ተይዞ ይቆማል። በሰሜን ባሕር ሐተን የተባለው የዘይት ጣቢያ በ1984 ዓ.ም. በዚህ ዘዴ ተሠርቷል።

ለ) ውርሱ እንዳለ ለምን አይበቃም?

እንግዲህ አንዱን የዘይት ጣቢያ ወስዶ ተርባይን መትከል ለምን አይቻልም? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ስለ ጭነቱ ነው። የዘይት ጣቢያ ዋና ሸክሙ ከሥር የተሰበሰበ ክብደት ሲሆን፣ የተርባይን ዋና ሸክም ግን ከላይ የሚመጣ ግፊት ነው። ለምሳሌ ያህል በአሜሪካ የታዳሽ ኀይል ቤተ ሙከራ ለጥናት የተነደፈውን ባለ 5 ሜጋዋት ተርባይን እንመልከት። የክንፎቹ ክብ ስፋት 126 ሜትር፣ እምብርቱ ከባሕሩ ገጽ በላይ 90 ሜትር ነው። ነፋሱ በሴኮንድ ከ11 እስከ 12 ሜትር ሲሆን በክንፎቹ ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ 800 ኪሎኒውተን ይደርሳል። ይህም 80 ቶን ያህል ክብደት ማለት ነው። በከፍታው ስናባዛው፣

800 × 90 = 72,000 ኪሎኒውተን ሜትር

የሚያህል የመገልበጥ ጕልበት እናገኛለን። ተንሳፋፊው ይህን ችሎ ቀና ማለት አለበት።

ሁለተኛው ስለ ዋጋ ነው። የዘይት ጣቢያ አንድ ብቻ ተሠርቶ ውድ ዕቃ ያወጣል፤ ስለዚህ ብረት ቢበዛበትም ዋጋውን ይመልሳል። ተርባይን ግን በብዛት የሚሠራ ሲሆን እያንዳንዱ የሚሸጠው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ትርፍ ብረት አያስችልም።

ሦስተኛው ስለ ሰው ነው። በዘይት ጣቢያ ላይ ሰዎች ሌሊትና ቀን ይኖራሉ፤ ተርባይን ላይ ግን ለጥገና ካልሆነ ማንም አይወጣም። ስለዚህ የጥንቃቄው ልክ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ሰው በሌለበት ለሰው የተወሰነውን ጥንቃቄ ሁሉ መጫን ወጪ ማብዛት ነው፤ ጥንቃቄውን ያለ መለኪያ መቀነስ ደግሞ ድፍረት ነው። በሁለቱ መካከል የሚዳኘው ፈተና ነው።

ሐ) ትንሽ ሒሳብ፤ የስፓሩ አንገት

ከፈተና በፊት ሒሳብ ይቀድማል። ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ነገር ወደ ታች ተጭነን ብንለቀው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። አንድ ጊዜ ወርዶ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ የራሱ የመወዛወዣ ጊዜ ይባላል። ይህ ጊዜ ከባሕሩ ሞገድ ጊዜ ጋር ከተገጣጠመ ንቅናቄው እያደገ ይሄዳል፤ በፊዚክስ ሬዞናንስ የምንለው ይህ ነው። ትልልቆቹ የባሕር ሞገዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 ሴኮንድ ባለው ውስጥ ይመላለሳሉ። ስለዚህ መሐንዲሱ የተንሳፋፊውን ጊዜ ከ20 ሴኮንድ በላይ ማውጣት ይፈልጋል።

ጊዜውን የምናገኘው እንዲህ ነው። የአካሉን ክብደት በኪሎግራም እንወስዳለን። ይህን ለውሃ መግፊያ ጥንካሬ እናካፍላለን፤ ይኸውም የባሕር ውሃ እፍጋት፣ የመሬት ስበትና አካሉ በውሃው ገጽ ላይ ያለው የመስቀለኛ ቍርጥ ስፋት ተባዝተው የሚሰጡት ነው። የውጤቱን ስኩዌር ሩት ወስደን በ6.28 እናባዛለን።

ሃይዊንድ የተባለው የኖርዌይ የመጀመሪያ ስፓር 5,300 ሜትር ኩብ ውሃ ያፈናቅላል፤ ይህም 5,400 ቶን ገደማ ነው። በውሃ ውስጥ ያለው አካሉ 8.3 ሜትር ዲያሜትር ሲኖረው፣ በውሃው ገጽ ላይ ግን እንደ ጠርሙስ አንገት ጠቦ 6 ሜትር ይሆናል። አንገቱ ባይጠብ ኖሮ የመስቀለኛ ቍርጡ 54 ካሬ ሜትር፣ የመወዛወዣ ጊዜውም 20 ሴኮንድ ያህል ይሆን ነበር። ይህም ከማዕበሉ ጊዜ ጠርዝ ላይ ማረፍ ነው። አንገቱ በመጥበቡ ግን ቍርጡ 28 ካሬ ሜትር፣ ጊዜውም ወደ 27 ሴኮንድ ሆነ። ከአካሉ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀሰው ውሃ ሲታሰብ ቍጥሩ በጥቂቱ ከፍ ይላል። እንግዲህ ሁለት ሜትር ከሩብ የምታህል የዲያሜትር ልዩነት ተርባይኑን ከማዕበሉ መንገድ አውጥታዋለች ማለት ነው።

መ) የፍሩድ ሕግ

ሒሳቡ ልክ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ሞዴል ተሠርቶ በሞገድ ገንዳ ውስጥ ይሞከራል። ነገር ግን ትንሹ ሞዴል ስለ ትልቁ እውነቱን የሚናገረው በምን ሕግ ነው? ይህን ያስተማረው ከ1810 እስከ 1879 ዓ.ም. የኖረው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ዊሊያም ፍሩድ ነው። በ1872 ዓ.ም. በቶርኪ ከተማ በእንግሊዝ የባሕር ኀይል ገንዘብ የመርከብ ሞዴል መሞከሪያ ገንዳ አሠራ። እርሱ ያስተዋለው፣ ሞገድን የሚገዛው የመሬት ስበት ስለሆነ የሞዴሉ ፍጥነት በርዝመቱ ልክ ሳይሆን በርዝመቱ ስኩዌር ሩት ልክ መቀነስ እንዳለበት ነው።

ሞዴሉ ከእውነተኛው በ50 እጅ ያነሰ ይሁን እንበል። የ50 ስኩዌር ሩት 7.07 ነው። ስለዚህ፣

የ10 ሜትር ሞገድ በገንዳው ውስጥ 20 ሳንቲሜትር ይሆናል።
የ10 ሴኮንድ ጊዜ 1.41 ሴኮንድ ይሆናል።
በሴኮንድ 14 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በሴኮንድ 2 ሜትር ይሆናል።
ክብደትና ኀይል በ50 × 50 × 50፣ ማለት በ125,000 ይካፈላሉ፤ 5,400 ቶን የነበረው 43 ኪሎግራም ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ሰው ሊሸከመው የሚችል ሞዴል በሰሜን ባሕር ላይ ስለሚቆም ግዙፍ ነገር ይመሰክራል። የኖርዌይ ሊቃውንት ሃይዊንድን በ2005 ዓ.ም. በትሮንዳይም ከተማ በሚገኘው የማሪንቴክ ገንዳ የሞከሩት በዚሁ ሕግ ነው። ሞዴሉ ከእውነተኛው በ47 እጅ ያነሰ ሲሆን፣ ገንዳው 80 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሜትር ወርድና እስከ 10 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት አለው።

ሠ) የገንዳው ጕድለት

የፍሩድ ሕግ ለውሃው በደንብ ይሠራል። ለነፋሱ ግን ያስቸግራል። ምክንያቱም አየር በክንፍ ላይ እንዴት እንደሚፈስ የሚወስነው ስበት ሳይሆን በፍጥነቱና በዝልግልግነቱ መካከል ያለው ዝምድና ነው፤ ይህም በኦዝቦርን ሬይኖልድስ ስም የሬይኖልድስ ቍጥር ይባላል። ሞዴሉ በ50 ሲያንስ ፍጥነቱም በ7.07 ስለሚቀንስ፣ የሬይኖልድስ ቍጥር በ350 እጅ ገደማ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ አየሩ ከክንፉ ገጽ ላይ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ክንፉም ማንሣት የሚገባውን ያህል አያነሣም። ክንፉ ፍጹም ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ሥራው የተለየ ይሆናል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሥጋት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የሜይን ዩኒቨርሲቲ ከተባባሪዎቹ ጋር ሆኖ ከላይ የዘረዘርናቸውን ሦስት ዓይነት ተንሳፋፊዎች በሆላንድ በሚገኘው ማሪን በተባለው የምርምር ተቋም ገንዳ በ50 እጅ አሳንሶ ሞከረ። የተርባይኑ ክንፍ የትልቁ ክንፍ ትክክለኛ ቅጂ ነበር። ነገር ግን የሰጠው ግፊት ከሚገባው በታች ስለሆነ የገንዳውን ነፋስ ፍጥነት ከፍ በማድረግ ማካካስ ግድ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ከፊል ጠላቂውን እንደገና ሲሞክሩ በመልኩ ሳይሆን በሚሰጠው ግፊት ከትልቁ ጋር የሚስማማ፣ ወርዱ የሰፋ ሌላ ክንፍ ሠርተው ተጠቀሙ። ከዚህ የምንማረው ሞዴል ማለት ትንሽ ሥዕል ማለት እንዳልሆነ ነው። ሞዴሉ ሊመስል የሚገባው የትልቁን መልክ ሳይሆን፣ በጥያቄው ውስጥ ያለውን የትልቁን ጠባይ ነው።

ሌሎች ደግሞ ክንፉን ጨርሶ ይተዉታል። በገንዳው ውስጥ እውነተኛ ሞገድ ይሠራሉ፤ የነፋሱን ግፊት ግን ኮምፒዩተር በየቅጽበቱ አስልቶ በሞተር በሚጐተቱ ቀጫጭን ገመዶች በሞዴሉ ላይ ያሳርፋል። ዘዴው ብልኅነት አለበት። ግን ኮምፒዩተሩ የተሰጠው ሒሳብ ከተሳሳተ ገንዳው ስሕተቱን አያጋልጥም፤ ተቀብሎ ያልፈዋል እንጂ። ስለዚህ ይህን ዘዴ የሚጠቀም ሰው የነፋሱን ሒሳብ በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ረ) የዥዋዥዌው አደጋ

አሁን የፈተና ጥቅም ከሁሉ በላይ ወደ ታየበት ነገር እንምጣ። የየብስ ተርባይን መቈጣጠሪያ አለው። ነፋሱ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲሆን መቈጣጠሪያው ክንፎቹን ጠምዘዝ አድርጎ ትርፉን ነፋስ ያሳልፋል፤ የሚመነጨው ኤሌክትሪክም ሳይበዛ ይቆያል። ይህ በየብስ ላይ ያለ ችግር ይሠራል።

ተርባይኑ በሚንሳፈፍበት ጊዜ ግን ምን ይሆናል? ዐምዱ ወደ ነፋሱ ሲያዘነብል ክንፎቹን የሚመታው ነፋስ የበረታ ይመስላል። መቈጣጠሪያውም «ነፋሱ በዛ» ብሎ ክንፎቹን ያሳልፋል፤ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ዐምዱን ወደ ነፋሱ ከማዘንበል የሚገታው ኀይል ይጐድላል። ዐምዱ ተመልሶ ከነፋሱ ጋር ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ የደከመ ይመስላል፤ መቈጣጠሪያው ክንፎቹን ይመልሳል፤ ግፊቱ ጨምሮ ዐምዱን በሚሄድበት አቅጣጫ ይገፋዋል። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ልጅ በሄደ ቍጥር ወደ ሄደበት እንደ መግፋት ማለት ነው። ንቅናቄው መርገብ ሲገባው ያድጋል።

ይህ ችግር በየብስ የማይታየው የየብስ ዐምድ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ስለሚወዛወዝና መቈጣጠሪያው ሊከተለው ስለማይደርስ ነው። ተንሳፋፊ ስፓር ግን አንድ ጊዜ አዘንብሎ ለመመለስ ሃያና ሠላሳ ሴኮንድ ይፈጅበታል። መቈጣጠሪያው ይህን ተከትሎ ለመሳሳት በቂ ጊዜ አለው። እንግዲህ ተርባይኑም ተንሳፋፊውም ለየብቻቸው ጤነኞች ሆነው ሳለ፣ ሲጋጠሙ በሽታ ይፈጠራል።

በ2005ቱ የማሪንቴክ ፈተና ውስጥ ሞዴሉ በተለመደው መቈጣጠሪያና በተሻሻለው መቈጣጠሪያ ተሞክሮ ልዩነቱ ታይቷል። መድኀኒቱ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው መቈጣጠሪያውን ከዐምዱ ውዝዋዜ ይልቅ እንዲዘገይ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው የዐምዱን ንቅናቄ እንዲያውቅና በዚያው ልክ ክንፉን እንዲያዝ ማስተማር ነው። ለዚህ አንድ ቶን ብረት እንኳ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ በገንዳ ውስጥ ሳይታይ በባሕር ላይ ቢገኝ ኖሮ ምን ያህል ያስከፍል እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ይገምት።

ሰ) ከገንዳ ወደ ባሕር በደረጃ

ገንዳው ከመሰከረ በኋላ ወደ ባሕር የሚወጣው በደረጃ ነው። ሃይዊንድ በ2009 ዓ.ም. በኖርዌይ ከካርሞይ ደሴት 10 ኪሎሜትር ርቆ፣ 200 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ባሕር ላይ ቆመ። 2.3 ሜጋዋት የሚያመነጭ አንድ ተርባይን ብቻ ነበር፤ ከውሃው በታች 100 ሜትር ይወርዳል፤ በሦስት የመልሕቅ ገመዶች ታስሯል። በመለኪያ መሣሪያ ተሞልቶ ለዓመታት ተጠና። በዚያ ዘመን እስከ 19 ሜትር የሚደርስ ማዕበል ችሎ አልፏል።

ፖርቱጋሎች በ2011 ዓ.ም. ዊንድፍሎት የተባለውን ባለ 2 ሜጋዋት ከፊል ጠላቂ አወጡ። የሜይን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ፤ በ2013 ዓ.ም. ከእውነተኛው በ8 እጅ ያነሰ፣ 20 ኪሎዋት የሚያመነጭ የኮንክሪት ተንሳፋፊ በካስቲን ከተማ ፊት ለፊት ባሕር ላይ አቆመ። የባሕረ ሰላጤው ሞገድ ከውቅያኖሱ ስለሚያንስ፣ በ8 እጅ ላነሰ አካል ትንሹ ማዕበል እንደ ትልቅ ማዕበል ይሆንለታል። በትንሽ ገንዘብ ታላቅ ማዕበል መግዛት ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ አንዱ ብዙ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. በስኮትላንድ ፒተርሄድ ከተማ አንጻር እያንዳንዳቸው 6 ሜጋዋት የሆኑ 5 ስፓሮች ቆሙ። በ2020 ዓ.ም. ፖርቱጋሎች በ3 ተርባይኖች 25 ሜጋዋት የሚሰጠውን ጣቢያ ሥራ አስጀመሩ። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ሃይዊንድ ታምፔን የተባለው 88 ሜጋዋት ያለው የኖርዌይ ጣቢያ ተመረቀ። ይህ የመጨረሻው ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው ስኖሬና ጉልፋክስ ለተባሉት የነዳጅ ዘይት ጣቢያዎች ነው። ከዘይት መሐንዲሶች የተወረሰው ጥበብ ዞሮ ዘይት ለማውጣት ማገልገሉ አንዳንዱን ያስደስታል፤ ሌላውን ያሳዝናል። ክርክሩን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

ሸ) ገንዳው ያልተጠየቀው ጥያቄ

የስኮትላንዱ ጣቢያ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ከሙሉ ዐቅሙ በአማካይ 54 በመቶ ያህል እንዳመነጨ ባለቤቶቹ አስታውቀዋል። ይህ ለነፋስ ጣቢያ ከፍ ያለ ውጤት ነው። ነገር ግን በ2024 ዓ.ም. አምስቱም ተርባይኖች ለከባድ ጥገና ከመልሕቃቸው ተፈትተው፣ ባሕሩን ተሻግረው ወደ ኖርዌይ ወደብ ተጐተቱ። ከባድ ዕቃ በሚንሳፈፍ ነገር ላይ ከሚንሳፈፍ መርከብ ሆኖ መለወጥ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። በጥገናው ወራት ኤሌክትሪክ አልነበረም።

ይህን እንደ ውድቀት መቍጠር ትክክል አይመስለኝም፤ መንሳፈፊያው ማዕበሉን ችሏልና። ነገር ግን በገንዳው ውስጥ የተጠየቀው «ይቆማል ወይ? ይረጋል ወይ?» የሚል ነበር። «ሲበላሽ ማን፣ የት፣ በምን ያህል ጊዜ ይጠግነዋል?» የሚለውን ጥያቄ ገንዳ ሊመልሰው አይችልም። ፈተና የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ስለዚህ የመሐንዲሱ የመጀመሪያ ሥራ ጥያቄዎቹን በሙሉ መጻፍ፣ ቀጥሎም የትኛው በሒሳብ፣ የትኛው በገንዳ፣ የትኛው በባሕር ላይ ብቻ እንደሚመለስ መለየት ነው።

ቀ) ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል?

አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ተንሳፋፊ ተርባይን አያስፈልጋትም፤ የነፋስ ጣቢያዎቻችን የአዳማውም የአሸጎዳውም በየብስ ላይ ናቸው። የፍሩድ ሕግ ግን የባሕር ብቻ አይደለም። የግድብ ማስተንፈሻ ሞዴል በቤተ ሙከራ ሲሠራ ውሃው የሚለካው በዚሁ ሕግ ነው። ከዚያም በላይ ከሌላ አገር የመጣ መሣሪያ ሁሉ የተሠራው ለሌላ ነፋስ፣ ለሌላ ከፍታና ለሌላ አፈር ነው። መሣሪያው ጤነኛ፣ ቦታውም ጤነኛ ሆኖ፣ ሲጋጠሙ ግን እንደ ዥዋዥዌው ያለ ያልታሰበ ነገር ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «በመጣበት አገር ይሠራል» የሚለው ማስረጃ ብቻውን አይበቃም። «እዚህ ተሞክሯል ወይ? ምን ተብሎ ተጠየቀ?» ብሎ መጠየቅ የተማሪም የመሐንዲስም ግዴታ ነው።

መልመጃ

1. ኀይል በ125,000 ሲካፈል ፍጥነትም በ7.07 ሲካፈል፣ የ5 ሜጋዋት ተርባይን በ50 እጅ ባነሰ ሞዴል ውስጥ ስንት ዋት ይሆናል? (መልስ፤ 5.7 ዋት ገደማ።)
2. በ8 እጅ ላነሰው የሜይን ሞዴል 1 ሜትር ሞገድ በእውነተኛው ልክ ስንት ሜትር ነው? የ4 ሴኮንድ ጊዜስ? (መልስ፤ 8 ሜትር፤ 11.3 ሴኮንድ።)
3. ነፋሱ ደካማ ሆኖ መቈጣጠሪያው ክንፎቹን በማይጠመዝዝበት ጊዜ የዥዋዥዌው አደጋ ለምን እንደማይነሣ አስረዳ። (መልሱን ለማግኘት ዐምዱ ወደ ነፋሱ ሲያዘነብል ግፊቱ ምን እንደሚሆን አስብ።)